ሳንባችንን ከኢንፍሉዌንዛ የሚጠብቁት እነማን ናቸው?

(በሬዲዮ የተላለፈ የጤና ትምህርት። ለአዲስ አንባቢያን በጽሑፍ የቀረበ።)



  ደብተርና እርሳሳችሁን አዘጋጁ። በትምህርቱ መጨረሻ የምንጽፋቸው አዲስ ቃላት አሉ። የምንወያይባቸው ጥያቄዎችም አሉ።

የዛሬው ትምህርታችን የተነሣው ከአንድ ጥያቄ ነው። እኔ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነኝ። ቀን ልጆችን አስተምራለሁ፤ ማታ ደግሞ ወላጆቻቸውን። ከማታ ተማሪዎቼ መካከል አንዲት እናት አሉ። ስማቸውን አልጠራም። ከሁሉ ቀድመው የሚመጡ፣ ፊደሉን ሳይጨርሱ ወደ ቤት የማይሄዱ ጎበዝ ተማሪ ናቸው። በአንድ ክረምት ሁለት ሳምንት ሙሉ ቀሩ። ሲመለሱ ጥቁር ለብሰው ነበር። እናታቸው ሞተውባቸዋል።

የዚያን ቀን ትምህርቱ አልቆ ሰው ሁሉ ሲወጣ እሳቸው ቀሩ። እንዲህም አሉኝ፦

«መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። እኔና እናቴ የምንተኛው አንድ ቤት ነው። የታመምነውም በአንድ ሳምንት ነው። ትኩሳቱም፣ ሳሉም፣ ቁርጥማቱም አንድ ዓይነት ነው። እኔ በአምስተኛው ቀን ተነሥቼ ቡና አፈላሁ። እሷም ተሽሏት ነበር። ቀና ብላ አጥሚት ጠጣች። ከዚያ ትኩሳቱ ተመለሰባት፤ ትንፋሿ ፈጠነ። በሁለተኛው ቀን አረፈች። እኔን ምን አዳነኝ? እሷንስ ምን ወሰዳት? ምናልባት ያጠፋሁት ነገር ይኖር ይሆን?»

በዚያ ሰዓት «እግዜር ያጽናዎት» ከማለት በቀር የምመልሰው አልነበረኝም። ጥያቄው ግን አልለቀቀኝም። የጤና መጻሕፍት አገላበጥኩ፤ የጤና ባለሙያዎችንም ጠየቅሁ። ያገኘሁትን መልስ መጀመሪያ ለእሳቸው ነገርኳቸው። ዛሬ ደግሞ ለእናንተ እነግራችኋለሁ። ቀስ እያልን እንሂድ።

ኢንፍሉዌንዛ ምንድን ነው?

ብዙዎቻችን ሲያስነጥሰን «ጉንፋን ያዘኝ» እንላለን። ጉንፋንና ኢንፍሉዌንዛ ይመሳሰላሉ፤ ግን አንድ አይደሉም። ጉንፋን ቀስ ብሎ ይመጣል። አፍንጫ ያፈሳል፣ ጉሮሮ ይከረክራል፣ ብዙውን ጊዜ ከሥራ አያስቀርም። ኢንፍሉዌንዛ ግን ድንገተኛ ነው። ጧት በደህና እርሻ የወረደ ሰው ከሰዓት በኋላ ተንቀጥቅጦ ይተኛል። ትኩሳቱ ኃይለኛ ነው። ራስ ይፈልጣል፣ መገጣጠሚያ ይቆረጥማል፣ ደረቅ ሳል ይከተላል።

በሽታውን የሚያመጣው ቫይረስ የሚባል ጥቃቅን ነገር ነው። ምን ያህል ያንሳል? የ1 ሚሊ ሜትር ርዝመት ለመሙላት ወደ 10,000 የሚጠጉ የኢንፍሉዌንዛ ቫይረሶች ጎን ለጎን መደርደር አለባቸው። ስለዚህ በዓይን አይታይም።

ቫይረስ ብቻውን ሊራባ አይችልም። የሰው ቤት ሰብሮ ገብቶ፣ በሰው ምጣድ፣ በሰው ዱቄት እንጀራ እንደሚጋግር ሌባ ነው። የሚሰብረው ቤት ሕዋስ ይባላል። የድንጋይ ቤት ከብዙ ድንጋይ እንደሚሠራ ሁሉ ሰውነታችንም ከብዙ ሕዋሳት የተሠራ ነው። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ የአየር ቧንቧችንንና የሳንባችንን ሕዋሳት ሰብሮ ይገባል። በውስጣቸው ይራባል። ከጥቂት ሰዓቶች በኋላ ብዙ ሆኖ ይወጣና ወደ ጎረቤት ሕዋሳት ይሄዳል።

አያቶቻችን ያዩት መቅሠፍት

ይህ በሽታ ለአገራችን አዲስ አይደለም። «የኅዳር በሽታ» ሲባል የሰማችሁ ትኖራላችሁ። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ ማለትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1918፣ ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባን መታ። በሺህ የሚቆጠር ሰው አለቀ። ቀባሪ ጠፋ። ኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተባሉት ራስ ተፈሪ እንኳ ተይዘው ነበር፤ እሳቸው ግን ዳኑ። በዓለም በሙሉ በዚያ በሽታ የሞተው ሰው ወደ 50 ሚሊዮን እንደሚደርስ ይገመታል። እስከ ዛሬ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ጠርገን የምናቃጥለው፣ «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው፣ የዚያ ዘመን መታሰቢያ ነው።

በዚያን ጊዜ ሐኪሞች የበሽታውን መነሻ አያውቁም ነበር። ቫይረሱ ከሰው ተለይቶ የታወቀው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1933 በእንግሊዝ አገር ነው። በ1911 ዓ.ም. ክትባት የለም። ቫይረሱን የሚያዳክም መድኃኒትም የለም። ይሁን እንጂ ልብ በሉ፦ ከተያዘው ሰው አብዛኛው ድኗል። እንግዲህ መድኃኒት ከሌለ ምን አዳነው?

ያዳነው በገዛ ሰውነቱ ውስጥ ያለ ዘበኛ ነው። አንድ ብቻም አይደለም፤ ብዙ ዘበኞች አሉ። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

የመጀመሪያው ዘበኛ፦ መጥረጊያው

አንድ ጎልማሳ በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ 10,000 ሊትር የሚጠጋ አየር ይተነፍሳል። ይህ አየር ውኃ ቢሆን ኖሮ 500 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይሞላ ነበር። ከአየሩ ጋር አቧራ፣ ጭስ፣ ተሕዋስያንና ቫይረስ ይገባል። አየሩ በቧንቧው ወርዶ፣ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ በተከፋፈሉት ትናንሽ ቧንቧዎች አልፎ፣ ጫፋቸው ላይ ካሉት የአየር ከረጢቶች ይደርሳል። እነዚህ ከረጢቶች ከ300 ሚሊዮን በላይ ናቸው። ግድግዳቸው እጅግ ስስ ነው።

የቧንቧዎቹ ውስጥ በሚያጣብቅ ፈሳሽ የተቀባ ነው። ፈሳሹ ሲበዛ አክታ እንለዋለን። ከፈሳሹ ሥር በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ፀጉሮች አሉ። ነፋስ እንደሚያወዛውዘው የጤፍ ማሳ ሁሉም ባንድነት ይወዛወዛሉ። ቆሻሻውን ወደ ላይ፣ ወደ ጉሮሮ ይገፋሉ። እኛም እንውጠዋለን ወይም እንተፋዋለን።

በዚህ ፈሳሽ ውስጥ አንድ ብልሃት አለ። ቫይረሱ ሕዋሱን የሚይዘው በሕዋሱ ላይ ያለ አንድ ዓይነት ስኳር ጨብጦ ነው። ያው ስኳር በፈሳሹ ውስጥም አለ። ቫይረሱ «ሕዋስ አገኘሁ» ብሎ ፈሳሹን ይይዛል። እዚያው ተጣብቆ ይጠረጋል። እርግጥ ቫይረሱም ሞኝ አይደለም። ስኳሩን የሚቆርጥበት እንደ መቀስ ያለ ነገር አለው። አንዳንዱ ቆርጦ ያመልጣል።

ሁለተኛው ዘበኛ፦ እንደ ጭጎጎት የሚጣበቀው

ያመለጠው ቫይረስ ወደ አየር ከረጢቶች ቢወርድ ሌላ ዘበኛ ይጠብቀዋል። ይህ ዘበኛ ፕሮቲን ነው። ፕሮቲን ሲባል ባቄላና ሥጋ ትዝ ይለን ይሆናል። በምግብ የምናገኘውን ፕሮቲን ሰውነታችን ይፈጨዋል። ከዚያ መልሶ ለየሥራው የሚሆን የራሱን ፕሮቲን ይሠራል። አንዱ ለጡንቻ ይሆናል፤ አንዱ ለደም፤ አንዱም ለጥበቃ።

የሳንባ ከረጢቶች ሰርፋክታንት በሚባል ቀጭን ፈሳሽ የተቀቡ ናቸው። ይህ ፈሳሽ ከረጢቶቹ እንዳይጣበቁ ይረዳል። በውስጡም ጠባቂ ፕሮቲኖች አሉ። ሁለቱ «ሰርፋክታንት ፕሮቲን ኤ» እና «ሰርፋክታንት ፕሮቲን ዲ» ይባላሉ። ፕሮቲን ዲ ባለ አራት ክንድ ነው፤ እንደ መስቀል ቅርጽ። በየክንዱ ጫፍ መያዣ አለው።

በመስክ ስትሄዱ ልብሳችሁ ላይ የሚጣበቀውን ጭጎጎት ታውቁታላችሁ አይደል? ፕሮቲን ዲም እንደዚያ ነው። በቫይረሱ ገላ ላይ ያለውን ስኳር ይዞ ይጣበቃል። በአንዱ ክንድ አንዱን ቫይረስ፣ በሌላው ክንድ ሌላውን ይይዛል። ቫይረሶቹ ተቋጥረው እንደ ነዶ ይታሰራሉ። የታሰረ ሌባ ቤት ሰብሮ አይገባም።

ነገር ግን ሁሉም የኢንፍሉዌንዛ ዓይነት እኩል አይያዝም። ገላው ላይ ብዙ ስኳር ያለው ቶሎ ይያዛል። ጥቂት ስኳር ያለው ከፕሮቲን ዲ እጅ ያመልጣል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1918 እና በ2009 ዓለምን ያዳረሱት ዓይነቶች በራሳቸው ላይ ያለው ስኳር ጥቂት ነበር። ኃይለኛ ካደረጋቸው ብዙ ነገር አንዱ ይህ እንደሆነ ይታመናል።

ሦስተኛው ዘበኛ፦ እሪ ባዩ

እንበልና ቫይረሱ ይህን ሁሉ አልፎ አንድ ሕዋስ ሰብሮ ገባ። ሁሉ ነገር አበቃ ማለት ነው? አይደለም።

በመንደር ሌሊት ሌባ ቢገባ ባለቤቱ ምን ያደርጋል? እሪ ይላል። ጎረቤት ሰምቶ ይነሣል። በሩን ይቀረቅራል፣ ዱላውን ያነሣል። የተያዘው ሕዋስም እንዲሁ እሪ ይላል። እሪታው ድምፅ አይደለም፤ ኢንተርፌሮን የሚባል ፕሮቲን ነው። ከተያዘው ሕዋስ ወጥቶ ወደ ጎረቤት ሕዋሳት ይደርሳል። «ሌባ መጥቷል፣ ተዘጋጁ!» ይላቸዋል።

ይህን ነገር ያገኙት አሊክ አይዛክስ የተባለ ብሪታኒያዊና ዣን ሊንደንማን የተባለ ስዊዘርላንዳዊ ተመራማሪዎች ናቸው። ጊዜው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1957፣ ቦታው ለንደን ነው። የተጠቀሙበትም የዶሮ እንቁላል ነው። ከእንቁላሉ ውስጥ ያለውን ስስ ሽፋን ወስደው በሙቀት የተገደለ የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ጨመሩበት። ቆይተው በዙሪያው ያለውን ፈሳሽ ወደ ሌላ አዲስ ሽፋን አዛወሩ። በዚህ ላይ ሕያው ቫይረስ ቢጨምሩ ቫይረሱ እንደ ልቡ ሊራባ አልቻለም። ፈሳሹ ውስጥ የሚከላከል ነገር አለ ማለት ነው። ስሙንም ኢንተርፌሮን አሉት። ጣልቃ ገብቶ የሚያውክ ማለት ነው።

እሪታውን የሰሙ ሕዋሳት ምን ያደርጋሉ? ሌሎች ፕሮቲኖችን ይሠራሉ። አንዱ በረኛ ነው፤ ቫይረሱ ከበር አልፎ ወደ እልፍኝ እንዳይገባ ያግዳል። ሌላው ኤምኤክስ ይባላል፤ ከበር ያለፈውን ቫይረስ እንደ ወጥመድ ይዞ ከመራባት ያግደዋል። የኤምኤክስ ታሪክ የተጀመረው በአይጥ ነው። ያው ዣን ሊንደንማን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1962 አንድ አስገራሚ ነገር ጻፈ። ሌሎች አይጦችን የሚገድለው የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ አንዱን የአይጥ ዘር አልገደለም። ኋላ ሲመረመር ምክንያቱ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ ይህ ፕሮቲን ሆኖ ተገኘ። ሰውም የዚህ ዘመድ የሆነ ፕሮቲን አለው።

ቫይረሱ ግን እዚህም ብልሃት አለው። እሪ የሚለውን ሰው አፍ እንደሚያፍን ሌባ፣ የሕዋሱን እሪታ የሚያፍንበት የራሱ ፕሮቲን አለው። ስለዚህ ነገሩ እሽቅድድም ነው። እሪታው ከቀደመ ጎረቤቱ ይድናል። ቫይረሱ ከቀደመ መንደሩ ይዘረፋል።

አራተኛው ዘበኛ፦ በላተኛው

በሳንባ ከረጢቶች ውስጥ እየዞሩ የሚጠብቁ ትልልቅ ሕዋሳትም አሉ። ማክሮፌጅ ይባላሉ። እኛ በላተኛ ሕዋሳት እንበላቸው። በፕሮቲን የታሰረውን ቫይረስ፣ የሞተውን ሕዋስ፣ አቧራውን ሁሉ ይውጣሉ።

እነዚህን ዘበኞች ሁሉ ይዘናቸው ነው የምንወለደው። ማንም አላስተማራቸውም። በደቂቃና በሰዓት ውስጥ ሥራ ይጀምራሉ። ሌላ የተማረ ጦር ደግሞ አለ። እሱ ጠላቱን በመልኩ ለይቶ ይመታል። ነገር ግን አዲስ ጠላት ሲመጣ ለመሰልጠን ቀናት ይፈጅበታል። እነዚህ የመጀመሪያ ዘበኞች ጦሩ እስኪደርስ ድረስ በሩን ይዘው የሚቆዩ ናቸው። ክትባት ደግሞ ለዚያ ጦር የጠላቱን መልክ አስቀድሞ ማሳየት ነው።

ታዲያ ለምን ያመናል?

ትኩሳቱ፣ ቁርጥማቱ፣ ድካሙ ከየት መጣ? አብዛኛው የሚመጣው ከራሳችን ዘበኞች ነው። ኢንተርፌሮንና መሰሎቹ በደም ሲሰራጩ ሰውነት ይግላል፣ ይደክማል። መንደሩ ሌሊቱን ሙሉ ሌባ ሲያባርር አድሮ ጧት እንደሚደክመው ማለት ነው። ስለዚህ በኢንፍሉዌንዛ የተያዘ ሰው ይረፍ፤ ብዙ ፈሳሽ ይጠጣ። ዕረፍት ስንፍና አይደለም።

ዘበኞቹ የሚሸነፉት መቼ ነው?

አንደኛ፣ ዕድሜ ነው። ሰው ሲያረጅ እሪታው ይደክማል። ጎረቤት ሕዋሳት ቶሎ አይሰሙም። የሕፃናትም መከላከያ ገና አልጠነከረም። እርጉዞች፣ አስም፣ የልብ ሕመም ወይም የስኳር በሽታ ያለባቸው ሰዎችም ይጎዳሉ።

ሁለተኛ፣ ጭስ ነው። የሲጋራ ጭስም፣ የማገዶ ጭስም ጥቃቅኖቹን ፀጉሮች ያደክማል። በላተኞቹን ሕዋሳት ሥራ ያስፈታል። በጓዳ ጭስ ውስጥ አርባና ሃምሳ ዓመት የጋገረች እናት ሳንባዋ ብዙ ተጎድቷል። ኅዳር 12 ቀን ሰፈርን ማጽዳት መልካም ነው። ጭሱ ግን ቫይረሱን ከሳንባችን አያወጣውም፤ ዘበኞቻችንን ነው የሚያዳክማቸው።

ሦስተኛ፣ ተከታይ ሌባ ነው። ቫይረሱ በሩን ሰብሮ ሲሄድ ባክቴሪያ የሚባሉ ሌሎች ተሕዋስያን በተሰበረው በር ይገባሉ። የሳንባ ምች ያመጣሉ። ምልክቱን ልብ በሉ፦ በሽተኛው ተሽሎት ሳለ ትኩሳቱ ይመለሳል፣ ትንፋሹ ይፈጥናል።

አራተኛ፣ ዘበኞቹ ራሳቸው ከልክ ሲያልፉ ነው። እሳት ጎረቤት እንዳይደርስ ሲሉ ቤቱን የሚያፈርሱበት ጊዜ አለ። ያኔ ከረጢቶቹ በፈሳሽ ይሞላሉ፤ ሰውየውም አየር ያጥረዋል።

ምን እናድርግ?

1. ኢንፍሉዌንዛ የያዘው ሰው ሲያስል አፉን በክንዱ እጥፋት ወይም በመሐረብ ይሸፍን። ከሕፃናትና ከሽማግሌዎች ራቅ ብሎ ይተኛ። እጅ በሳሙና ይታጠብ።

2. መስኮትና በር ይከፈት። ጭሱ ይውጣ፣ ንጹሕ አየር ይግባ። በሽተኛውን ከምድጃ አጠገብ አታስተኙ።

3. ከሱቅ ካፕሱል ገዝታችሁ አትስጡ። ካፕሱሉ አንቲባዮቲክ ነው። አንቲባዮቲክ ባክቴሪያን ይገድላል እንጂ ቫይረስን አይገድልም። የሳንባ ምች ሲመጣ ግን የጤና ባለሙያ አይቶ ያዘዋል፤ ያን ጊዜ ሕይወት ያድናል። ቫይረሱን የሚያዳክም መድኃኒትም ዛሬ አለ፤ የሚያዘው ሐኪም ነው፤ ቶሎ ሲጀመር ይበልጥ ይጠቅማል።

4. የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በሚሰጥበት ቦታ ሽማግሌዎች፣ እርጉዞችና ሕመምተኞች ቢከተቡ ይጠቀማሉ። ቫይረሱ መልኩን ስለሚለዋውጥ ክትባቱ በየዓመቱ ይታደሳል።

5. እነዚህን ምልክቶች ስታዩ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ፦ ትንፋሽ ሲፈጥን ወይም ሲያጥር፤ ደረት ሲወጋ፤ ከንፈር ሲጠቁር፤ በሽተኛው ሲቀባዥር፤ ተሽሎት ሳለ ትኩሳቱ ሲመለስ። ሕፃን ከሆነ ደግሞ ጡት መጥባት ሲያቅተው ወይም ሲተነፍስ ከጎድኑ በታች ደረቱ ወደ ውስጥ ሲሰረጉድ።

ለጥያቄው የተሰጠ መልስ

ይህን ሁሉ ለተማሪዬ ነገርኳቸው። «እትዬ፣ እርስዎን ያዳኑዎት ዘበኞችዎ ናቸው። እሪታቸው ቀደመ። የእናትዎም ዘበኞች ተዋግተዋል፤ አጥሚት የጠጡት ለዚያ ነው። ግን ዕድሜና የጭስ ዘመን አድክሟቸዋል። በተሰበረው በር ሌላ በሽታ ሳይገባባቸው አልቀረም» አልኳቸው።

እሳቸውም «ትንፋሿ የፈጠነ ቀን ጤና ጣቢያ ብወስዳትስ?» ብለው ጠየቁኝ።

መዋሸት አልፈለግሁም። «ሊረዷት ይችሉ ነበር። እርስዎ ግን ምልክቱን አያውቁም ነበር። ማንም አልነገረዎትም። ያላወቁትን ምልክት እንዴት ያያሉ?» አልኳቸው።

ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ ደብተራቸውን አወጡ። «ምልክቶቹን አንድ በአንድ ንገረኝ፤ እጽፋቸዋለሁ» አሉ። ጻፉ። ፊደሉ ትልልቅ ነው፣ መስመሩም ዘንበል ያለ ነው፤ ግን ይነበባል። ዛሬ ያ ወረቀት በቤታቸው በር ላይ ተለጥፏል። ጎረቤት ሲታመም መጥተው ያነቡታል። ባለፈው ክረምት የጎረቤታቸው ሕፃን ደረቱ ሲሰረጉድ አይተው እናቱን ከነልጇ ጤና ጣቢያ ያደረሷት እሳቸው ናቸው። ልጁ ድኗል።

ውድ አድማጮቻችን፣ እናንተም ጻፉ። ለማያነበውም አንብቡለት።

አዲስ ቃላት

ሕዋስ፦ ሰውነታችን የተሠራበት ጥቃቅን ክፍል።
ቫይረስ፦ በሕዋስ ውስጥ ብቻ የሚራባ በሽታ አምጪ።
ፕሮቲን፦ ሰውነት የሚሠራውና በብዙ ሥራ ላይ የሚያውለው ነገር።
ኢንተርፌሮን፦ የተያዘ ሕዋስ ጎረቤቶቹን የሚያስጠነቅቅበት ፕሮቲን።
የሳንባ ምች፦ የአየር ከረጢቶች የሚቆስሉበትና ፈሳሽ የሚቋጥሩበት በሽታ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ጉንፋንና ኢንፍሉዌንዛ በምን ይለያያሉ?
2. «እሪ ባዩ» ፕሮቲን ማን ይባላል? ሥራውስ ምንድን ነው?
3. በቤታችሁ ጭሱ የሚወጣው በየት በኩል ነው? እንዴት ማሻሻል ትችላላችሁ?
4. በሽተኛን ወደ ጤና ጣቢያ የሚያስሄዱ ምልክቶችን ከነገርናችሁ ውስጥ ሦስቱን ጻፉ። ጽፋችሁም በር ላይ ለጥፉ።

በሚቀጥለው ትምህርታችን እስክንገናኝ ድረስ፣ ደህና ሰንብቱ።